ቁርጥ ካርድ ወይስ የዕጣ ካርድ? በዲጂታል የካርድ ጨዋታ ዕድልንና ስጋትን መዝኖ ለመምረጥ

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ አነስተኛ የስልክ ጥገና ሱቅ አለኝ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ገበያው ጭር ይላል፤ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ይገባል። በዚያ ሰዓት ደጄን የማይረሳው የእህቴ ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ቬንትሌተሩ ፊት ያለችውን ዱካ ይዞ ጨዋታውን ይከፍታል። ባለፈው ሐሙስ የተሰበረ ስክሪን እየፈታሁ ሳለ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና «አቦ አጎቴ፣ ከሦስቱ የቱን ልውሰድ?» አለኝ።

ጨዋታው ስሌይ ዘ ስፓየር ነው፤ ብቻችሁን ጠላት እየገጠማችሁ በየውጊያው መጨረሻ ካርድ የምትሰበስቡበት። የሚጫወተው አይረንክላድ በተባለው ተዋጊ ሲሆን ከ80 ሕይወቱ 23 ብቻ ቀርቶታል። አንድ ውጊያ አሸንፎ ለሽልማት ሦስት ካርዶች ቀርበውለታል። ፖሜል ስትራይክ በ1 ኢነርጂ (ካርድ ለመጫወት የሚከፈል ዋጋ) 9 ጉዳት ታደርስና አንድ ካርድ ታስስባለች። ሽረግ ኢት ኦፍ በ1 ኢነርጂ 8 መከላከያ ትሰጥና እሷም አንድ ካርድ ታስስባለች። ሶርድ ቡሜራንግ ደግሞ በ1 ኢነርጂ ሦስት ጊዜ ትመታለች፣ እያንዳንዱ ምት 3 ነው፤ የትኛው ጠላት ላይ እንደሚያርፍ ግን ጨዋታው በዕጣ ይወስናል።

ልቡ ቡሜራንግ ላይ ነበር። «ኢንፍሌም አለኝ እኮ» አለ። ኢንፍሌም 2 ጉልበት ትጨምራለች፣ ጉልበቱም በእያንዳንዱ ምት ላይ ይደመራል። ስለዚህ ቡሜራንግ ሦስት ጊዜ 5፣ ማለትም 15 ትሆናለች፤ ፖሜል አንድ ምት ብቻ ስለሆነች 11 ላይ ትቆማለች። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ ግን «ቆይ፣ እንዳትነካው» አልኩት፤ ከዚያ በኋላ ያወራነው ነው እዚህ የተጻፈው።

እዚህ ገበያ «ቁርጥ ዋጋ» ብሎ የሚለጥፍ ሱቅ አለ፤ ስንት እንደምትከፍሉ ከመግባታችሁ በፊት ታውቃላችሁ። ሌላው ጋ ተከራክራችሁ በግማሽ ዋጋ ልትወጡ፣ አለዚያም ተታልላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። ካርዶችም እንደዚያው ናቸው። የምትሠራው አስቀድሞ የሚታወቀውን ቁርጥ ካርድ፣ ውጤቷ በዘፈቀደ የሚወሰነውን የዕጣ ካርድ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከሁለቱ አንዷ ሁልጊዜ ትሻላለች የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብዙ ጨዋታ አልተጫወተም ማለት ነው።

ዕጣው የሚወጣው ከውሳኔያችሁ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ሁለት ካርዶች ስታወዳድሩ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ነው። እኔ ራሴ ይህን ለመለየት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

ኮንከር የተጫወተ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ካርታው ተበውዞ ሲታደል የሚደርሳችሁ እጅ ዕጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቱን እንደምትይዙና የቱን እንደምትጥሉ የምትወስኑት ግን እናንተ ናችሁ። ዕድሉ ቀድሞ መጥቷል፣ ችሎታችሁ ይከተላል። በተቃራኒው አስቀድማችሁ ወስናችሁ፣ ካርዱን አስቀምጣችሁ፣ ከዚያ ሳንቲሙ ወደ ላይ ቢወረወር ቀሪው ነገር ከእጃችሁ ወጥቷል። ሁለቱም ዕድል ይባላሉ፤ በተጫዋቹ ላይ የሚያደርጉት ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ስሌይ ዘ ስፓየር ውስጥ ልዩነቱን በአንዲት ካርድ ላይ ማየት ይቻላል። ትሩ ግሪት 7 መከላከያ ትሰጥና በእጃችሁ ካሉት ካርዶች አንዱን በዘፈቀደ ከውጊያው ታስወጣለች። ስትሻሻል መከላከያዋ 9 ይሆናል፣ የሚወጣውንም ካርድ እናንተ ትመርጣላችሁ። ብዙዎች የሚያዩት ያቺን የ2 ጭማሪ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጭማሪዋ ባትኖርም አሻሽላታለሁ። ያልተሻሻለችው ምርጥ ካርዳችሁን ልትበላባችሁ ትችላለች፤ የተሻሻለችው ግን የማትፈልጉትን ቆሻሻ የምትጠርግ መሣሪያ ናት። ካርዷ ያው ናት፤ የተለወጠው መራጩ ነው።

ሁለት ሰዎች በኔትወርክ የሚጋጠሙበት የካርድ ጨዋታ ሃርዝስቶንም እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ላይ ዲስከቨር የሚባለውን አሠራር አስገባ። ካርዷን ስትጫወቱ በዘፈቀደ ሦስት ካርዶች ይቀርባሉ፣ ከሦስቱ አንዱን ትወስዳላችሁ። «በዘፈቀደ አንድ ካርድ ጨምር» ከሚሉት የቀድሞ ካርዶች ጋር ስታነጻጽሩት ዕጣነቱ አልጠፋም፤ ግን ሦስቱም የማይረቡ የሚሆኑበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፣ የሚመረጠውም ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁኔታ ታይቶ ነው። በዋጋም በጉልበትም የሚቀራረቡ ሁለት የዕጣ ካርዶች ከቀረቡላችሁና አንዷ ምርጫ ከሰጠቻችሁ ሌላውን አትመልከቱ፤ እሷን ውሰዱ።

መሬቷ፣ ጣሪያዋና መካከሏ

የዕጣ ካርድን ስንመዝን ብዙዎቻችን የምናየው ጣሪያዋን ነው። አንድ ጊዜ ስታበራ ያየናት ካርድ ከዓይናችን አትጠፋም። ስለዚህ ሦስት ቁጥር መጻፍ ጥሩ ነው፦ ከሁሉ ያነሰው ውጤቷ፣ ከሁሉ የበለጠው ውጤቷ፣ ብዙ ጊዜ ብትጫወቷት በአማካይ የምታመጣው።

ሃርዝስቶን ውስጥ ሻማን የተባለው ጀግና የሚጠቀምባቸውን ሁለት ቆየት ያሉ ካርዶች ላንሳ። ላይትኒንግ ቦልት በ1 ማና (እዚያ የካርድ ዋጋ የሚከፈለው በማና ነው) 3 ጉዳት ታደርሳለች። ክራክል በ2 ማና ከ3 እስከ 6 ጉዳት ታደርሳለች። ሁለቱም በቀጣዩ ዙር 1 ማና ያስይዛሉ። ክራክል አማካይዋ 4 ተኩል ነው፣ መሬቷ ከቦልት ጋር እኩል 3 ነው። እንግዲህ 1 ማና ጨምራችሁ በአማካይ 1 ተኩል ጉዳት ገዛችሁ ማለት ነው። ጥሩ ግዢ ይመስላል።

ጨዋታው ግን አማካይ አያውቅም። ፊታችሁ የቆመው ጠላት 3 ሕይወት ካለው ቦልት በእርግጠኝነት ትገድለዋለች፤ ክራክልም ትገድለዋለች፣ ግን 1 ማና በከንቱ ከፈላችሁ። ጠላቱ 4 ሕይወት ካለው ቦልት ዋጋ የላትም፤ ክራክል ከአራት ጊዜ ሦስቱን ትገድለዋለች። 5 ሲሆን ክራክል ግማሽ በግማሽ ነች። 6 ሲሆን ከአራት አንድ። ስለዚህ «ክራክል ትሻላለች ወይስ ቦልት?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ «ዴኬ (ይዤ የምገባው የካርድ ስብስብ) የሚገጥመው ጠላት ብዙውን ጊዜ ስንት ሕይወት አለው?» የሚለው ግን አለው። አማካዩን አስሉ፣ ከዚያ ወደ ጎን አድርጉትና የሚያስፈልጋችሁን ቁጥር የመምታት ዕድል ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። 4 ተኩል ጉዳት ያደረሰ ክራክል በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም።

ስጋቱ ያለው ካርዷ ላይ ነው ወይስ ጠረጴዛው ላይ?

ከዚህ ርዕስ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዕድልን መለወጥ የምንችልበት ስፍራ ነው።

ራግናሮስ የሃርዝስቶን አንጋፋ ካርድ ነው። 8 ማና ያስከፍላል፣ ራሱ ማጥቃት አይችልም፤ በየዙራችሁ መጨረሻ ላይ ግን በዘፈቀደ ለተመረጠ አንድ ጠላት 8 ጉዳት ይሰድዳል። ከተቃራኒው ወገን ምንም አገልጋይ (ጠረጴዛው ላይ የሚቆም ተዋጊ ካርድ) ከሌለ ጠላቱ ጀግናው፣ ማለትም ተቃራኒ ተጫዋቹ ራሱ፣ ብቻ ነውና ዕጣ የሚባል ነገር የለም፤ 8ቱም ጀግናው ላይ ይወርዳል። አንድ አገልጋይ ካለ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። ሦስት ካሉ ጀግናውን የመምታት ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ካርዱ አልተለወጠም፤ ዕጣው ውስጥ የገቡት ስሞች ቁጥር ነው የተለወጠው።

አንድ ምሽት ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስጫወት ይህን በራሴ ላይ አየሁት። ተቃራኒዬ 6 ሕይወት ቀርቶታል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው 1 ሕይወት የቀራት አንዲት ደካማ አገልጋይ ብቻ ነች። እኔ ራግናሮስም፣ ያቺን አገልጋይ ሊያነሳ የሚችል የራሴ አገልጋይም ነበረኝ። ቸኮልኩ። የራሴን አገልጋይ ቀጥታ ጀግናው ላይ ሰድጄ 6ቱን ወደ 4 አወረድኩት፣ ከዚያ ራግናሮስን አስቀምጬ ዙሬን ዘጋሁ። የእሳት ኳሷ ተነሳችና ያቺን ባለ 1 ሕይወት አገልጋይ መታች። በሚቀጥለው ዙር ተሸነፍኩ። አገልጋይዋን መጀመሪያ ባነሳት ኖሮ ራግናሮስ የሚመታው ሌላ ነገር አልነበረውም፤ ጨዋታው እዚያው ያልቅ ነበር። 2 ጉዳት ልጨምር ብዬ መቶ በመቶውን ወደ ሃምሳ በመቶ አወረድኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ሆነ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ፦ ዕጣውን ከመጣሌ በፊት የዕጣውን ስሞች እቀንሳለሁ። ካርድ ስመርጥም ይህን አስባለሁ። ዴካችሁ ጠረጴዛ የሚያጸዱ ካርዶች የሞሉበት ከሆነ እንደ ራግናሮስ ያለ የዕጣ ካርድ እናንተ ጋ ሲደርስ ቁርጥ ወደመሆን ይጠጋል። የሚያጸዳ ነገር ከሌላችሁ ያው ካርድ ቁማር ነው።

ሶርድ ቡሜራንግም በዚሁ ዓይን መታየት አለባት። አንድ ጠላት ብቻ ካለ ሦስቱም ምቶች እሱ ላይ ያርፋሉ፤ ዕጣዋ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ሁለት ጠላት ሲሆኑ ሦስቱም እናንተ የምትፈልጉት ላይ የሚያርፉበት ዕድል 1 ከ8 ነው። ሦስት ሲሆኑ 1 ከ27። የመጀመሪያው ምዕራፍ አለቆች የሆኑት ጋርዲያንና ሄክሳጎስት ብቻቸውን ስለሚቆሙ እነሱ ላይ ቡሜራንግ ቁርጥ ካርድ ናት። ስላይም ቦስ ግን ግማሽ ሕይወቱ ሲያልቅ ለሁለት ይከፈላል፤ በዚያች ቅጽበት ካርዳችሁ ተመልሳ የዕጣ ካርድ ትሆናለች። የምትገጥሙት አለቃ ማን እንደሆነ ካርታው አናት ላይ ተስሎ ይታያል። ካርድ ከመውሰዳችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩት።

እየመራችሁ ነው ወይስ እየተመራችሁ?

እየመራችሁ ከሆነ የካርዷን መሬት አወዳድሩ። እየተመራችሁ ከሆነ ጣሪያዋን አወዳድሩ። ለዓመታት ከተማርኩት ሁሉ ሌላውን ረስታችሁ አንድ ነገር ያዙ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚመራ ሰው የሚፈልገው ጨዋታው አሁን በሚሄድበት መንገድ እንዲቀጥል ነው፤ ሊያናውጠው የሚችል ነገር ሁሉ ጠላቱ ነው። የሚመራ ሰው ላይ መልካም ዕድል የምትጨምረው ጥቂት ነው፤ ክፉ ዕድል ግን ሁሉንም ትወስዳለች። የሚመራበት ሰው ደግሞ ነገሩ እንዲሁ ከቀጠለ ሽንፈቱ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ አማካይዋ የወረደ ካርድ እንኳ ጣሪያዋ ከፍ ያለ ከሆነ ትጠቅመዋለች።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ ዮግ-ሳሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚያዝያ ላይ ወደ ሃርዝስቶን የገባ ባለ 10 ማና ካርድ ሲሆን፣ በዚያ ጨዋታ ውስጥ የጣላችኋቸውን አስማቶች ቁጥር ያህል አስማት በዘፈቀደ፣ ዒላማቸውንም በዘፈቀደ እየመረጠ ይጥላል። ራሱን ሊያቃጥል፣ ካርድ ሊያስስባችሁ፣ የተቃራኒውን ጠረጴዛ ጠራርጎ ሊያጠፋ፣ የእናንተንም ሊያጠፋ ይችላል። ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ካርድ አየው፤ ሆኖም በሽልማት ውድድሮች ላይ ታየ። ምክንያቱም ተጫዋቾቹ ያወጡት የነበረው ሲያሸንፉ ሳይሆን ጠረጴዛው በጠላት ተሞልቶ ሊሸነፉ ሲሉ ነው። ጠረጴዛው በጠላት ሲሞላ በዘፈቀደ የሚወርድ ጥፋት የሚያገኘው በአብዛኛው ጠላትን ነው፤ ተጫዋቹ የሚያጣው እምብዛም የለም። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ አዘጋጆቹ አሠራሩን ለወጡት፦ ዮግ-ሳሮን በራሱ አስማት ከጠረጴዛው ከጠፋ ቀሪዎቹ አስማቶች አይወርዱም። ቁጥሮቹን አልነኩም፤ የጣሪያውን ከፍታ ነው የቀነሱት።

ከሱቄ ደጅ ከሚሰበሰቡት ልጆች የማየው ስህተት በትክክል የዚህ ግልባጭ ነው። ሲመሩ ይሞቃቸዋል፣ ጨዋታውን በአንድ አስገራሚ ዕጣ ሊዘጉት ይፈልጋሉ። ሲመሩባቸው ደግሞ ይፈራሉ፤ ትንሽ ትንሽ እየተከላከሉ ቀስ ብለው ይሞታሉ። ሁለቱን ቢያገላብጧቸው ብዙ ጨዋታ ያሸንፉ ነበር።

ብዙ ትናንሽ ዕጣ ወይስ አንድ ትልቅ?

ሦስት ጊዜ በትንሹ የምትመታ ካርድና አንድ ጊዜ በኃይል የምትመታ ካርድ እኩል አማካይ ቢኖራቸው እንኳ እኩል አይደሉም። ትናንሾቹ ዕጣዎች እርስ በርስ ይካካሳሉ፤ አንዱ ቢስት ሌላው ይመታል። ትልቁ ወይ አለ፣ ወይ የለም። እየመራችሁ ከሆነ ትናንሾቹን፣ እየተመራችሁ ከሆነ ትልቁን ውሰዱ።

ዘውድና ጎፈር እየጣልን ላደግን ሰዎች ጥሩ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ2024 ጥቅምት መጨረሻ በወጣው ፖኬሞን ቲሲጂ ፖኬት ውስጥ ያለችው ሚስቲ ናት። ሚስቲን ስትጫወቱ ሳንቲም ትወረውራላችሁ፤ ዘውድ በመጣ ቁጥር ለአንድ የውኃ ፖኬሞን አንድ ኢነርጂ ታገኛላችሁ፣ ጎፈር ሲመጣ ያበቃል። አማካይዋ 1 ኢነርጂ ነው። ግን ከሁለት ጊዜ አንዱን ምንም አታገኙም። ከአራት አንዱን 1 ኢነርጂ፣ ከስምንት አንዱን 2፣ ከስምንት አንዱን ደግሞ 3 ወይም ከዚያ በላይ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ የሚጫወት ሰው በመጀመሪያ ዙሩ ኢነርጂ ስለማይሰጠው በዚያ ዙር የመጡ ሁለት ሦስት ዘውዶች ጨዋታውን ገና ሳይጀመር ሊጨርሱት ይችላሉ።

ሚስቲን ከምን ጋር እናወዳድራት? ብዙ ሰው ከባዶ ጋር ያወዳድራታል፤ «ባይመጣ ምን አጣለሁ?» ይላል። ታጣላችሁ። ሚስቲ ሰፖርተር (ደጋፊ) የሚባል የካርድ ዓይነት ናት፣ በአንድ ዙር ደግሞ የሚፈቀደው አንድ ሰፖርተር ብቻ ነው። ፕሮፌሰርስ ሪሰርችም ሰፖርተር ነች፤ እሷ ያለ ምንም ዕጣ ሁለት ካርድ ታስስባለች። ስለዚህ ትክክለኛው ሚዛን በአንድ በኩል እርግጠኛ ሁለት ካርድ፣ በሌላ በኩል ግማሹን ጊዜ ባዶ የሆነ ኢነርጂ ነው። ዴካችሁ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ካልፈጠነ የማያሸንፍ ከሆነ ሚስቲ ትክክል ናት። ቀስ ብሎ የሚገነባ ዴክ ከሆነ ሁለት ካርዶቹን ይዤ እሄዳለሁ።

ካርዷ እጃችሁ መግባቷ ራሱ ዕጣ ነው

በፖኬት ዴክ ውስጥ 20 ካርዶች አሉ፣ ከአንድ ዓይነት እስከ ሁለት ይፈቀዳል። ሁለት ሚስቲ ብታስገቡ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ካርዶች ውስጥ ቢያንስ አንዷ የመኖሯ ዕድል በግርድፉ 59 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ቢያንስ አንድ ዘውድ የመምጣቱ ዕድል 50 በመቶ አለ። ዕጣ በዕጣ ላይ ሲደረብ ይባዛል፤ የሚቀረው 30 በመቶ ገደማ ነው። ቁርጥ ካርድ የምትከፍለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሃርዝስቶን 30 ካርድ ስለሆነ አንድ ብቻ የምትፈቀደውን አፈ ታሪካዊ ካርድ 10 ካርድ ካያችሁ በኋላ የማግኘታችሁ ዕድል ከሦስት አንድ ነው። ሁለት የምትፈቀድ ተራ ካርድ 56 በመቶ ይሆናል። አንድ አስገራሚ ካርድ ላይ የተገነባ ዴክ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን እስከዚያ ድረስ ያለ አስገራሚው ካርድ ነው የሚጫወተው።

ስሌይ ዘ ስፓየር ውስጥ ይህ ከሁሉም ይከብዳል፣ ምክንያቱም የዴኩን መጠን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። አይረንክላድ በ10 ካርድ ይጀምራል፣ በየዙሩ 5 ይስባል፤ እያንዳንዱ ካርድ በመጀመሪያው ዙር የመታየት ዕድሉ ግማሽ ነው። ዴኩ 20 ሲደርስ ከአራት አንድ ይሆናል። ስለዚህ በየሽልማቱ አራተኛ አማራጭ አለ፦ ምንም ሳይወስዱ ማለፍ። የእህቴ ልጅ ይህን ቁልፍ ተጭኖ አያውቅም ነበር። በነጻ የተሰጠ ነገር መተው ለእኛ ሰዎች ይከብደናል፤ እንግዳ ሆነህ የቀረበልህን አለመንካት ያህል ነው። እዚህ ግን የማትረባ ካርድ ዋጋዋ የሚከፈለው ጥሩዋን ካርድ ወደ ኋላ በመግፋት ነው።

ዕጣው ራሱ ጉርሻ የሚከፍልበትም ጊዜ አለ። እዚያው ጨዋታ ውስጥ ስኔኮ አይ የሚባል ዕቃ የካርዶቻችሁን ዋጋ ሁሉ ከ0 እስከ 3 ድረስ በዘፈቀደ ይለዋውጠዋል፤ በምትኩ በየዙሩ 2 ካርድ ተጨማሪ ያስስባችኋል። አማካይ ዋጋው 1 ተኩል ነው። ዴካችሁ 2 እና 3 ኢነርጂ በሚያስከፍሉ ከባድ ካርዶች የተሞላ ከሆነ በአማካይ ቅናሽ አገኛችሁ፣ ከነጉርሻው ውሰዱት። በ0 እና በ1 የተሞላ ከሆነ ዋጋ ተጨመረባችሁ።

መውጫ በር አለ ወይ?

ማርቭል ስናፕ ዕጣን በሌላ መንገድ ያስተናግዳል። የሠራው ቡድን መሪ ቤን ብሮድ ቀድሞ የሃርዝስቶን ዳይሬክተር የነበረ ሰው ነው፣ ጨዋታውም እ.ኤ.አ. በ2022 ጥቅምት ወጣ። ዴኩ 12 ካርድ ብቻ ነው፣ ዙሩም 6። በስድስተኛው ዙር 9 ካርድ አይታችኋል፤ ማንኛዋም ካርድ እስከዚያ የመምጣቷ ዕድል 75 በመቶ ነው። ዋናው ነገር ግን ኩቡ፣ ማለትም የጨዋታው መያዣ ነው፦ ጨዋታው በ1 ይጀምራል፣ ማንም ስናፕ ባይል (መያዣው በእጥፍ ይሁን ባይል) እንኳ መጨረሻ ላይ 2 ይሆናል፣ ሁለቱም ስናፕ ካሉ 8 ይደርሳል፤ በመሀል ደግሞ ያለበትን ከፍሎ መውጣት ይቻላል።

መቼ ልውጣ ለሚለው የማስበው እንዲህ ነው። አሁን ብወጣ 1 አጣለሁ፤ ብቆይ 2 አገኛለሁ ወይም 2 አጣለሁ። እንዲህ ዓይነት አራት ጨዋታ ገጠመኝ እንበል። አራቱንም ብወጣ 4 ኩብ ሄደ። አራቱንም ቆይቼ አንዱን ባሸንፍ 2 አግኝቼ 6 አጣሁ፤ ያው 4 ሄደ። ስለዚህ የማሸነፍ ዕድሌ ከአራት አንድ በላይ ከሆነ እቆያለሁ፣ በታች ከሆነ እወጣለሁ። መያዣው 2 ሆኖ 4 ሊሆን ሲልም ስሌቱ አይለወጥም።

ይህ በካርድ ምርጫ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። መውጫ በር ባለበት ጨዋታ ጣሪያዋ ከፍ ያለ፣ መሬቷ የወረደ ካርድ ይበልጥ ትወደዳለች፤ ካልመጣች 1 ከፍላችሁ ትወጣላችሁ፣ ከመጣች ስናፕ ብላችሁ 4 ወይም 8 ትወስዳላችሁ። ሃርዝስቶን ላይ ግን እጅ መስጠት ሙሉ ሽንፈት ነው፤ ስሌይ ዘ ስፓየር ውስጥ ደግሞ አንድ ሞት የሰዓታት ልፋት ይዞ ይሄዳል። በነዚህ መሬቷ የጠነከረች ካርድ ትሻላለች።

በነገራችን ላይ ስናፕ፣ ሃርዝስቶንና ፖኬት ያለ ኔትወርክ አይሠሩም፤ መስመሩ ቢቋረጥ ዙሩ አይጠብቃችሁም። መብራትና ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ሰዓት ለከባድ ውድድር አትቀመጡ። ስሌይ ዘ ስፓየር ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

ጥቅል መክፈት ወይስ ካርዱን መሥራት?

ሃርዝስቶን ውስጥ አንድ ጥቅል በዘፈቀደ የሚወጣ 5 ካርድ አለው፣ ቢያንስ አንዱ ሬር (ከተራ ካርድ ከፍ ያለ) ነው። አፈ ታሪካዊ ካርድ ቢዘገይ ቢዘገይ በ40 ጥቅል ውስጥ ይመጣል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አታውቁም። የምትፈልጉትን ለይታችሁ ለመሥራት 1600 ደስት (ካርድ ሲሰባበር የሚገኝ ዱቄት) ያስፈልጋል፣ ከሁሉ የከፋው ጥቅል ቢሰባበር 40 ደስት ይሰጣል። ገና ምንም ካርድ የሌለው ሰው ጥቅል ቢከፍት ይጠቅመዋል፣ የሚመጣው ሁሉ አዲስ ነውና። አንድ የተወሰነ ካርድ የሚፈልግ ሰው ግን ደስቱን ይሰብስብ እንጂ ጥቅል አይክፈት። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 በገንዘብ የሚገዙ የዕጣ ሣጥኖችን ከቁማር ሕጓ ሥር አስገብታቸዋለች። ለልጅ ስልክ የሰጠ ወላጅ የክፍያውን መንገድ ዘግቶ ይስጥ፤ ይህን የምለው ደንበኞቼ ስልኩን ይዘው እያዘኑ ሲመጡ ስላየሁ ነው።

ወደ ሦስቱ ካርዶች

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ካርታውን ቀና ብሎ አየ። «ሄክሳጎስት ነው፣ ብቻውን ነው። ቡሜራንግ እሱ ላይ ዕጣ የላትም ብለሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን እሱ ጋ ለመድረስ ሁለት ውጊያ ይቀረው ነበር፣ ሕይወቱ ደግሞ 23 ነው። ከነዚያ ውጊያዎች የሚፈልገው መትረፍን ብቻ ነው። መሬቷን አየን፤ ሽረግ ኢት ኦፍ ማንም ይምጣ 8 መከላከያ ትሰጣለች፣ ካርድም ታስስባለች። እሷን ወሰደ።

ሁለተኛው ውጊያ ሁለት ፈንጋይ ቢስት ሆነ። በ5 ሕይወት ተረፈ። ከውጊያ በኋላ ሕይወት የሚመልሰው ዕቃው በርኒንግ ብለድ 6 መለሰለት፣ እሳቱ ዳር አርፎ 24 ጨመረ፣ በ35 ሕይወት ሄክሳጎስት ፊት ቆመ። አለቃው ራሱ 11 ሕይወት ብቻ ቀርቶት ሳለ ልጁን ገደለው።

ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ቡሜራንግን ወስጄ ቢሆን 15 ነበር፤ እገድለው ነበር» አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ስክሪኑን ትቼ ከጎኑ ተቀመጥኩና ከካርቶን ላይ በቀደድኩት ወረቀት አብረን አሰላነው። ከፈንጋይ ቢስቶቹ ጋር ሽረግን ሁለት ጊዜ ተጫውቷታል፤ 16 መከላከያ። 5 ላይ ነው የተረፈው፣ ስለዚህ ያለ እሷ 11 ይጎድለዋል። ቡሜራንግ ብትኖረውስ? በመጨረሻው ዙር አንደኛው ቢስት 8 ሕይወት ቀርቶት ነበር፤ ኢንፍሌምን በዚያ ውጊያ አላገኛትም፣ ስለዚህ ለመግደል ሦስቱም ምቶች እሱ ላይ ማረፍ ነበረባቸው። 1 ከ8። ያ ቢሆንለት እንኳ የሚያተርፈው የዚያን ቢስት 9 ጉዳት ነው። 11 ጎድሎት 9 ቢመለስለት፣ አሁንም 2 ይጎድለዋል።

ወረቀቱን ወስዶ ደጋግሞ አየው። ከዚያ አጥፎ የስልኩ ሽፋን ውስጥ ከተተውና አዲስ ጨዋታ ጀመረ።